«በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር»

በአዲስ አበባ ከተማ በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የቆመ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ወረቀት አለ። ጸሎተ ፍትሐቱ አልቆ ሣጥኑ ወደ መቃብሩ ከመውረዱ አስቀድሞ፣ ከዘመድ ወገን ድምፁ ጎላ ያለው ተመርጦ፣ ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ያነበዋል። «የሕይወት ታሪክ» ይባላል። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በዚህ አገር፣ በዚህ ዘመን ተወለዱ፤ በወግና በማዕርግ አደጉ፤ ለወዳጅ ዘመዶቻቸው ደግና ርኅሩኅ ነበሩ፤ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ከዚያም የልጆችና የልጅ ልጆች ቁጥር ይነገራል፤ ከዚያም ለመጡት ሁሉ ምስጋና ይቀርባል። አንዱ ወረቀት ከሌላው የሚለየው በስሙና በቁጥሩ ብቻ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ይህን የምለው ልማዱን ለመንቀፍ አይደለም። ኀዘንተኛ ሰው ቃል መፍጠር አይችልም፤ ስለዚህ እድሩ ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ድስቱን አዘጋጅቶ እንደሚያቆየው ሁሉ፣ የአገሩም ልማድ ቃሉን አዘጋጅቶ ያቆየዋል። በሌሊት ተደናግጦ የተነሣ ሰው ስሙንና ዘመኑን ብቻ ሞልቶ እንዲያነበው ነው። እንዲያውም ብልህ ልማድ ነው። የኔ ነገር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ፣ ወረቀቱ ተነቦና ታጥፎ ወደ ኪስ ከተመለሰ በኋላ ነው።

እኅቴ በ2015 ዓ.ም. በኅዳር ወር ስታርፍ የወረቀቱ ጸሐፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆችን አማርኛ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ ለዚህ ሥራ ሌላ ሰው ያሰበ አልነበረም። በጎፋ ሰፈር፣ በእርሷው ግቢ፣ ለሊቱ ተጋምሶ ሳለ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ ታላቅ ወንድማችን ከአጠገቤ ሆኖ ያያል። በመርሐ ቤቴ በ1943 ዓ.ም. መወለዷን፣ በ13 ዓመቷ ወደ አዲስ አበባ መምጣቷን፣ እናታችን ስትሞት እኛን ሁለታችንን መረከቧን ጻፍሁ። ቀጥዬም «ጠላ እየጠመቁ ሁለት ወንድሞቻቸውንና ሦስት ልጆቻቸውን አሳድገው ለቁም ነገር አበቁ» ብዬ አሰፈርሁ። ወንድሜ ወረቀቱን ከእጄ አልነጠቀም፤ ጣቱን ብቻ በቃሉ ላይ አሳረፈና፣

«ይህችን ሰርዝ» አለኝ። «በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር በል።»

«ጋሼ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር?»

«ሰፈሩ ያውቃል። ነገ እዚያ የሚቆመው ሁሉ ግን የሰፈር ሰው አይደለም። የልጆቹ አለቆች ይመጣሉ፤ አማቾች ይመጣሉ። ድህነታችንን በማይክራፎን ልታስነግር ነው?»

ሬሳ በቤት ተኝቶ በቃል መከራከር ነውር ነው፤ ደግሞም ታላቄ ነው። ቃሉ ተሰረዘ። በማግስቱ «በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር» የሚለው በተነበበ ጊዜ ከኋላዬ ከዘራቸውን ተደግፈው የቆሙ አንድ ሽማግሌ ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው፣ «ጠላዋንስ? ጠላዋን ረሷት እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ። በዚያው ሳምንት፣ ገና ድንኳኑ ሳይነሣ፣ ባለ 100 ገጽ ደብተር ገዛሁ።

አሁን ስለ ጠላው ልናገር። ጠላ ማለት በጎፋ ሰፈር ላደግን ሰዎች መጠጥ ብቻ አልነበረም፤ የሳምንቱ የቀን መቁጠሪያ ነበር። ሰኞ ጌሾው ይወቀጣል፤ ሙቀጫው ከመሬት ጋር ሲመታ የግድግዳው ጭቃ ይርገፈገፋል። የተወቀጠው ጌሾ በውኃ ተዘፍዝፎ ጥንስሱ ይጠነሰሳል፤ ብቅሉ ይገባበታል። ቀጥሎ ቂጣው ተጋግሮና ተቆራርሶ፣ አሻሮው ታምሶና ተፈጭቶ ድፍድፉ ይደፈደፋል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ጢስ ይታጠናል። እኅቴ ጋኑን በፍሙ ላይ ደፍታ፣ ጢሱ በአፉ ሲገባ ከጎኑ ተንበርክካ በጆሮዋ የምታዳምጠው ይመስል ነበር። ሲበቃው ታውቃለች። እንዴት እንደምታውቅ ብዙ ጊዜ ጠይቄያት «ይነግረኛል» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልሰጠችኝም። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጣሳው በረጅም እንጨት ጫፍ ተሰክቶ በደጃፉ ይቆማል፤ ከቄራ የሚመለሱ ሥጋ ተሸካሚዎች፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ የፋብሪካ ሠራተኞችና የሌሊት ዘበኞች እርሱን አይተው ይገባሉ።

የወይራው ጢስ ደግ ነገር ነው፤ ነገር ግን ልብስ ላይ ይቀራል። እኔና ወንድሜ ትምህርት ቤት ስንገባ ሹራባችን ከእኛ ቀድሞ ይናገር ነበር። እኔ ትንሽ ስለ ነበርሁ ነገሩ አልከበደኝም። ወንድሜን ግን ጓደኞቹ «አተላ» ብለው ስም አወጡለት፤ በዚህ ስም አራት ዓመት ተጠራ። በኋላ ዘመን የተከበረ መሐንዲስ ሆነ፤ ድልድይ ሠራ፤ ልጆቹን አስተማረ። ይሁን እንጂ በዚያ ሌሊት ጣቱን በወረቀቱ ላይ ያሳረፈው የ70 ዓመት አዛውንት ሳይሆን ያ የ12 ዓመት ልጅ እንደ ነበረ አውቃለሁ። ስለዚህ ሐሳቡን ባልቀበለውም ልፈርድበት አልችልም።

እኅቴ በዚያን ጊዜ ማንበብና መጻፍ አታውቅም ነበር። ዱቤውን የምትይዘው በጓዳው ግድግዳ ላይ፣ በከሰል ነበር። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ምልክት አለው፤ ለሾፌሩ ክብ፣ ለሥጋ ተሸካሚው ቢላዋ፣ ለዘበኛው ዱላ፣ ለአንድ መምህር (እኔ አይደለሁም) መነጽር። ከምልክቱ ሥር ጭረት አለ፤ አንድ ጭረት አንድ ጣሳ ነው። የከፈለ ሰው ጭረቱ በእርጥብ ጨርቅ ይጠፋለታል። የሞተ ሰው ደግሞ ዕዳው ሳይከፈል ይጠፋለታል፤ ይህን ግን ከማታ በፊት አታደርገውም። በ1971 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እርሷም በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ገብታ ተማረች፤ የምስክር ወረቀቷን በመስተዋት አስገብታ ሰቀለችው። እኔም ደስ ብሎኝ የዱቤ መዝገብ ገዛሁላት። መዝገቡን ተቀብላ አመሰገነችኝ፤ ከሰሉን ግን አልተወችም። ምክንያቱን ስጠይቃት፣

«ስማቸውን ብጽፈውማ ሚስቶቻቸው መጥተው ያነቡታል» አለችኝ።

ያ ግድግዳ ዛሬ የለም። ቤቱ እርሷ ባረፈች በዓመቱ ለመንገድ ሥራ ፈርሷል። ቦታውን ለማየት ብሄድ ጓዳው የነበረበትን ለይቼ ማመልከት አልቻልሁም፤ የድሮዎቹ ባሕር ዛፎችም እንደ ሌሉ፣ አቅጣጫ የሚያዝበት ነገር ጠፍቷል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ጀሞና ለቡ እርሻ ሳሉ የሚያውቃቸው ሰው ዛሬ የፎቁን ብዛት አይቶ ይገረማል፤ መካኒሳም እንዲሁ ነው። ከተማ ያድጋል፤ አፍርሶ ይሠራል። የእኔ ጉዳይ ሌላ ነው። እኅቴ በሕይወቷ የጻፈችው ትልቁ ጽሑፍ ያ የከሰል ግድግዳ ነበረና፣ እርሱ ከፈረሰ ዘንድ ለሚቀረው የምተርፈው እኔ ነበርሁ።

በአገራችን ስለ ሙታን መጻፍ የቆየ ነገር መሆኑን አንባብያን ያውቃሉ። አባቶች የልደትንና የሞትን ቀን በብራናው ዳዊት ኅዳግ ላይ ያሰፍሩ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. «የልቅሶ ዜማ ግጥም» የተባለውን፣ በ1915 ዓ.ም. ደግሞ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ እንዲሆን ያዘጋጁትን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ አሳተሙ። በዚህ በሁለተኛው መጽሐፍ የተሰበሰቡት መሳፍንቱ፣ መኳንንቱና ሊቃውንቱ ናቸው። በዘመኑ ተገቢ ነበር፤ አገር የሚያውቀው ሰው አስቀድሞ ይጻፋል። ጠላ ጠማቂ ያሳደገችው ልጅ ግን የእርሷን ስም ከዚያ ዝርዝር ሊፈልገው አይችልም፤ ራሱ ይጽፈዋል እንጂ።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስቀናኝ መንግሥቱ ለማ ነው። አባቱ አለቃ ለማ ኃይሉ የመጻሕፍትና የቅኔ ሊቅ ነበሩ። ልጅ አባቱን በሕይወት ሳሉ አስቀምጦ እያናገረ፣ ድምፃቸውንም በመቅረጸ ድምፅ እየያዘ፣ የተናገሩትን በአነጋገራቸው እንዳለ ጽፎ «መጽሐፈ ትዝታ» ብሎ በ1959 ዓ.ም. አሳተመው። በዚያ መጽሐፍ አባት ይናገራሉ፤ ልጅ ይሰማል። እኛ አብዛኞቻችን ግን የምንጽፈው የሚናገረው ሰው ከሄደ በኋላ ነው። መጠየቅ የሚገባን ጥያቄ የሚታሰበን መላሹ ሲጠፋ ነው፤ ለምሳሌ ጋኑ ምን ብሎ እንደሚነግራት።

ደብተሩን ከፍቼ ስቀመጥ መጀመሪያ የተቸገርሁት በሚያስገርም ነገር ነው፤ በተውላጠ ስም። የቀብሩ ወረቀት «እርሳቸው» ይላል፤ «ተወለዱ፣ አደጉ፣ ዐረፉ» ይላል። አልቃሿ ደግሞ በድንኳኑ ውስጥ ደረቷን እየደቃች የምትናገረው ከሟቿ ጋር ነው፤ «አንቺ» እያለች ትጠራታለች፤ ለምን እንደ ሄደች ትጠይቃታለች፤ ትወቅሳታለች። ቤት ውስጥ እኛ «እትዬ» እንላታለን፤ ከ«እትዬ» በኋላ ግን «አንቺ» ነበር። «እርሳቸው» ብዬ ስጽፍ የማላውቃት አንዲት የተከበረች ባልቴት በወረቀቱ ላይ ብቅ ትላለች። «አንቺ» ብዬ ስጽፍ ደግሞ እንባዬ ይቀድመኛል፤ አንድ አንቀጽ አላልፍም። ብዙ ገጽ ካበላሸሁ በኋላ «እርሷ» በሚለው ጸናሁ። ወንድሜ ይህንንም አልወደደውም፤ «ታላቅህን እርሷ ትላለህ?» አለኝ። ቋንቋችን ለአክብሮትና ለቅርበት ሁለት የተለያዩ በሮች አበጅቶ፣ በሁለቱም በአንድ ጊዜ መግባትን ከልክሎናል።

ሁለተኛው ችግር ሁላችንም የምንፈራው ነው። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» እንላለን፤ ይህን ካልን በኋላም ብዙ ጊዜ እንወቅሳለን። እኅቴ ደግ ነበረች፤ ነገር ግን ምላሷ እንደ ሬት የመረረ ነበር። ጎረቤቶቿን ሁሉ በየተራ አኩርፋለች። ቂም ትይዛለች። የሰከረን ሰው በጋለ ማማሰያ እስከ ደጁ ስትሸኘው አይቻለሁ። ይህን ሁሉ አውጥቼ «ደግና ርኅሩኅ ነበረች» ብል፣ ከሌላው ሰው ወረቀት በምን ይለያል? ይህን ለወንድሜ ነገርሁት። ነገሩን ካሰበ በኋላ፣ «ማማሰያውን ጻፈው፤ እርሱ ግድ የለም» አለኝ። ጠላውን ግን አልፈቀደም። ከድህነት ይልቅ ቁጣ እንደሚሻል ያመነ ይመስላል፤ ብዙ የተማሩ ሰዎች እንዲህ ናቸው።

ማስረጃ ፍለጋ ወደ እድሩ ጸሐፊ ሄድሁ። የሰፈራችን እድር መዝገብ ከ1974 ዓ.ም. ወዲህ ያለው በሚገባ ተይዟል፤ ሽፋኑ በላስቲክ ተለብጧል። የእኅቴ ስም በየገጹ አለ፤ በየወሩ ከፍላለች፤ አንድም ወር አልዘለለችም። በ1981 ዓ.ም. በአንዱ ወር ግን በስሟ አንጻር ሁለት ቅጣት ተጽፏል፤ አንዱ «ቀብር ባለመውጣት»፣ ሌላው «ለቅሶ ባለመቀመጥ» ይላል። ለቅሶ አይቀርባት የነበረች ሴት ስለ ሆነች ተገረምሁ። ታማ እንደ ሆነ ብዬ ከእርሷ ጋር አብረው ያረጁትን ጎረቤታችንን ጠየቅሁ። እማማ ሳቁ።

«አልታመመችም ልጄ። የሞተው ሰውዬ ሚስቱን ሲደበድብ የኖረ ነው። እትዬህ ቅጣቱን ይዛ ዳኛው ቤት ድረስ ሄደች፤ ገና ሬሳው ሳይወጣ። እንኩ የቀብሩን፣ እንኩ የድንኳኑን፣ እኔ ለዚህ አላለቅስም ብላ ጠረጴዛው ላይ ቆጠረችው።»

የሰውየውን ስም አልጽፈውም፤ ልጆቹ አሉ። ነገር ግን አንድ ሙሉ የሕይወት ታሪክ በሁለት መስመር ቅጣት ውስጥ ተጽፎ ማየት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ወረቀቱ «ለማኅበራዊ ኑሮ ተቆርቋሪ ነበሩ» ይል ነበር፤ መዝገቡ ግን ለምን ያህል ገንዘብ እንደ ተቆረቆረች በቁጥር ይነግረናል።

እማማ ሌላም ነገር ነገሩኝ፤ ይኸኛው ቤተ ሰቡን በጣም አነጋግሯል። ወንድሜ በ1963 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ፣ እኅቴ የእናታችንን የጆሮ ወርቅ መርካቶ ወስዳ ሸጣ ልብሱንና መጻሕፍቱን ገዛችለት፤ ይህ በቤታችን የተቀደሰ ታሪክ ነው። ወንድሜ ለልጆቹ ሲነግር አልቅሶ ነው። በሠልስቱም ዕለት በድንኳኑ ውስጥ ለተቀመጡት ነገራቸው። የእኅቴ ልጅ በዚያን ጊዜ አንገቷን ደፍታ እጇን ወደ ጆሮዋ ስትወስድ አየሁ። ወርቁ በጆሮዋ ላይ ነበረ፤ እናቷ በሠርጓ ቀን አድርጋላታለች። እማማ እንደሚሉት ወርቁ ከቶ አልተሸጠም፤ ሊሸጥ ወጥቶ ነበር፤ በዚያው ሳምንት የእቁቡ ዕጣ ለእኅቴ ደረሳትና ወርቁ ሳይሸጥ ከመርካቶ ተመለሰ። ታዲያ እኅቴ ይህን 52 ዓመት ሙሉ ለወንድሜ ለምን አልነገረችውም? ረስታው ይሆን? ወይስ ልጁ በወርቅ መማሩን ካመነ እንደማይሰንፍ አስባ? እኔ ሁለተኛውን አምናለሁ፤ እንዲህ ያለ ብልሃት ነበራት። በደብተሩ ግን ሁለቱንም ጻፍሁ፤ በግራው ገጽ ወንድሜ የሚያወራውን፣ በቀኙ እማማ የተናገሩትን። ለወንድሜ ገና አልነገርሁትም። የእኅቴ ልጅ በእርሱ ፊት የጆሮ ወርቁን አታደርግም።

ስለ ሰፈራችን ስም ጥቂት ልናገር፤ ነገሩ ከዚህ ጉዳይ ጋር መገናኘቱን ያወቅሁት ከእኅቴ ሞት በኋላ ነው። ንፋስ ስልክ የሚባለው ሽቦ ሳይዘረጋ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው የራዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ የተነሣ ነው። በእንጨትና በሽቦ የሚሄደውን ስልክ የለመደ ሕዝብ፣ ቃል በባዶ አየር ሲሄድ ባየ ጊዜ «የነፋስ ስልክ» አለው። እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣ ሕዝብ ገጣሚ አያስፈልገውም እላለሁ።

በጃፓን አገር፣ ኢዋቴ በተባለው አውራጃ፣ ኦትሱቺ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች። በዚያ የሚኖር ኢታሩ ሳሳኪ የተባለ የአትክልት ቦታ ነዳፊ እ.ኤ.አ. በ2010 የአጎቱ ልጅ በካንሰር ሞተበት። እርሱም በአትክልቱ ቦታ ውስጥ ነጭ ቀለም የተቀባ ባለ መስተዋት የስልክ ቤት አቆመ፤ በውስጡም ከምንም ሽቦ ጋር ያልተያያዘ ጥቁር ስልክ አኖረ። ከሟቹ ጋር መነጋገር ሲሻ መያዣውን አንሥቶ ይናገራል፤ ቃሉን ነፋሱ ይወስድለታል። ስሙንም «ካዜ ኖ ዴንዋ» አለው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የነፋስ ስልክ» ማለት ነው። በመጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ያ ታላቅ የምድር መናወጥና የባሕር ማዕበል በጃፓን ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ በወረደ ጊዜ ከ18,000 በላይ ሰዎች ሞቱ ወይም ጠፉ፤ ከትንሿ ከተማ ከኦትሱቺ ብቻ ከ1,200 የሚበልጡ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሰዎች ወደ ሳሳኪ የአትክልት ቦታ ይመጡ ጀመር። በተለይም ሬሳቸው ያልተገኘላቸው ሰዎች ቤተ ዘመዶች ከሩቅ እየመጡ መያዣውን ያነሣሉ። አንዳንዱ ይናገራል፤ አንዳንዱ ዝም ብሎ ይሰማል። ከስልኩ አጠገብ ደብተር አለ፤ የሚሻ ይጽፍበታል።

ይህን ታሪክ ሳነብ መጀመሪያ የገረመኝ የስሙ መመሳሰል ነበር፤ ቀጥሎ ደግሞ ስልኩ ሳይሆን ደብተሩ ነው። ለእኛ ለሐበሾች ሙታንን ለማነጋገር ስልክ አያስፈልገንም፤ አልቃሿ ትበቃናለች። ቃሏ ግን ከድንኳኑ ጋር ይነሣል፤ ማንም አይጽፈውም። በእኅቴ ለቅሶ ላይ አንዲት ሴት ስለ ጋኑና ስለ ወይራው የደረደረችው ግጥም ድንኳኑን በእንባ አጥቦት ነበር፤ በማግስቱ የሚያስታውስ ሰው ብፈልግ አንድ ግማሽ መስመር እንኳ አላገኘሁም። እርሷን ራሷን ብጠይቃት «እኔ እንጃ፣ ኀዘኑ ነው ያናገረኝ» አለችኝ። ልብ በሉ፤ በማይክራፎን የተከለከለው ጠላ በልቅሶው ግጥም ገብቶ ነበር፤ ወንድሜም በዚያ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ አልቅሷል። በዜማ ሲነገር የማያሳፍር ነገር በጽሑፍ ሲሰፍር የሚያሳፍርበትን ምክንያት እስከ አሁን አልደረስሁበትም።

አንዳንድ ወዳጆቼ ሳይዘገይ ጻፈው፣ ይረሳሃል ይሉኛል። ሌሎች ደግሞ ኀዘኑ እስኪበርድ ቆይ ይላሉ። ሕይወት ተፈራ በ1969 ዓ.ም. የተገደለውን የወጣትነት ወዳጇን ጌታቸው ማሩን የምታስታውስበትን፣ በአማርኛ «ማማ በሰማይ» የተባለውን መጽሐፍ፣ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ በመካከሉ 35 ዓመት አልፏል። በዚያ ዘመን ብዙ እናቶች የልጃቸውን ሬሳ አንሥተው እንዳይቀብሩ፣ ድንኳን ጥለው እንዳያለቅሱ ተከልክለው ነበር፤ ያልተለቀሰ ለቅሶም ወደ ወረቀት ለመድረስ ረጅም መንገድ ይሄዳል። የእኔ እኅት በሰላም፣ በአልጋዋ ላይ፣ ንስሐ ገብታ፣ በወገኖቿ ተከብባ ያረፈች ናት፤ በ40 ቀኗም በ80 ቀኗም ተዝካሯ ወጥቷል። ስለዚህ እኔ 35 ዓመት የምጠብቅበት ምክንያት የለኝም፤ ዕድሜዬም አይፈቅድም። ከእኔ የሚያረጁት እማማ ናቸው፤ እርሳቸው እያሉ መጠየቅ አለብኝ።

እስከ ዛሬ 63 ገጽ ጽፌአለሁ። ከዚህ ውስጥ የረባው ምናልባት 20 ገጽ ነው። ትዝታ በቅደም ተከተል አይመጣም፤ ስለ 1966 ዓ.ም. ስጽፍ የ2009 ዓ.ም. ሳቋ ይመጣል። ስለዚህ በተራ መጻፉን ትቼ በዕቃ መጻፍ ጀመርሁ፤ ጋኑ፣ ሙቀጫው፣ ማማሰያው፣ የምስክር ወረቀቱ፣ ሻሿ። ከዕቃው ጋር ነገሩ ተጎትቶ ይወጣል። ድምፅዋ በእኅቴ ልጅ ስልክ ላይ አለ፤ ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ ነው፤ የተቀዳው ሳታውቅ ስለ ሆነ የምትናገረው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነው። እርሱንም እንደ ተናገረችው፣ ማጉረምረሟን ሳልቀር፣ ጻፍሁት። ከደብተሩ ሁሉ ከእርሷ አፍ የወጣው እርሱ ብቻ ነውና፣ ስለ ሽንኩርት መሆኑ ምን ይጎዳዋል?

ወንድሜ ደብተሩን አንድ ጊዜ ወስዶ ሦስት ቀን አቆየው። ሲመልሰው ምንም አልተናገረም። ገልጬ ባየው «ጠላ» የሚለውን ቃል አልሰረዘውም፤ ነገር ግን በሽፋኑ ላይ፣ በዚያ የመሐንዲስ ጥንቁቅ ጽሕፈቱ፣ «እኔ በሕይወት ሳለሁ ለልጅ ልጆቼ አይሰጥ» የሚል አስፍሯል። አከብርለታለሁ።

አሁን የተያዝሁት በጌሾው መጠን ነው። የእኅቴ ልጅ እናቷ ለአንድ ጋን የምትጨምረውን የጌሾ ቅጠል አራት ጣሳ ነው ትላለች፤ እማማ ደግሞ ስድስት ነው፣ በአራት ጣሳ የተጠመቀ ጠላ የእትዬህ ጠላ አይደለም ብለው ጸንተዋል። ከሟቿ በቀር የሚፈርድ ሰው አልተገኘም። ስለዚህ በመጪው ሰኞ በእኅቴ ልጅ ቤት በሁለት ጋን፣ በሁለቱም ልክ ሊጠመቅ ተወስኗል፤ የወይራውን እንጨት እኔ አመጣለሁ። እነዚያ ከዘራ የያዙት ሽማግሌም በሕይወት ስላሉ፣ እንዲቀምሱና እንዲፈርዱ ተጠርተዋል።